ጋዜጣ የደገፈውን ሲተው

አንድ ጋዜጣ ለዓመታት ሲደግፈው የኖረውን ፖለቲከኛ «ከእንግዲህ አንደግፈውም» ብሎ ሲጽፍ፣ ደብረ ማርቆስ ቡና ቤት የተቀመጠ አንባቢ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ፖለቲከኛው አይደለም። «እነዚህን ደግሞ ማን ነካቸው?» ይላል። ጥቅም ቀረባቸው? ባለቤቱ ተጣላ? አዲስ ጌታ አገኙ? ጋዜጠኞች በዚህ ጥያቄ ይከፋሉ። እኔ ግን አንባቢው እውነት አለው ባይ ነኝ። ድጋፉ ሲሰጥ ምክንያቱ ያልተነገረው ሰው፣ ሲነሳ የሚነገረውን ምክንያት ለምን ያምናል? ከባዱ ሥራ ያለው ርእሰ አንቀጹ ላይ ሳይሆን ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት ውስጥ ነው፤ አብዛኛው ጋዜጣ የሚወድቀውም እዚያው ነው።

ከጉዳዩ ውጭ የሆነውን በቅድሚያ እናውጣ። በመንግሥት በጀት የሚተዳደር ጋዜጣ እጩ መደገፍም መተውም የለበትም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ንኡስ አንቀጽ 5 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ ወይም በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ያለ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ማስተናገድ በሚችልበት ሁኔታ እንዲመራ ያዛል። ባሕር ዳር የሚዘጋጀው በኩርም ሆነ የአዲስ አበባው አዲስ ዘመን በዚህ ሥር ናቸው። አዲስ ዘመን በ1933 ከተቋቋመ ወዲህ ንጉሡን አወድሶ፣ ደርግን አወድሶ፣ ኢሕአዴግንም አወድሷል። በ1966ም ሆነ በ1983 የሆነው ግን ድጋፍ ማንሳት አይባልም፤ የተቀየረው ባለቤቱ ነው። አንባቢያችን ጋዜጣ ሲገለበጥ ያየው በዚህ መንገድ ስለሆነ ጥርጣሬው ከሜዳ አልመጣም።

ጎጃም ድጋፍ ማንሳትን ከጋዜጣ አልተማረም። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የሞጣና የዳሞት ገበሬ «ርስታችን ላይ ቀላድ ሊጣል ነው» ብሎ አልከፍልም አለ፤ አቤቱታውን ይዞ አዲስ አበባ ድረስ ሄደ፤ ጦር ቢላክበትም አልተመለሰም። መጨረሻ ላይ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሡ። ለጋዜጣ ሰው የሚሆነው ትምህርት ቅሬታው ተለያይቶ መቅረቡ ነው፦ ግብሩ ለብቻ፣ የመሬት ልኬታው ለብቻ፣ የአገረ ገዥው አስተዳደር ለብቻ። «ሰውየው መጥፎ ነው» የሚል ጥቅል ክስ ንጉሥም አይሰማውም፣ አንባቢም አይሰማውም።

ከውጭ ታሪክ አንዱን መምረጥ ካለብኝ የቺካጎ ትሪቢዩንን እመርጣለሁ። ትሪቢዩን የታወቀ የሪፐብሊካን ጋዜጣ ነበር፤ ሪቻርድ ኒክሰንን በ1960፣ በ1968 እና በ1972 (የውጭ አገሩ ታሪክ ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ደግፎታል። ኤፕሪል 30 ቀን 1974 ዋይት ሀውስ በዋተርጌት ቅሌት የተፈለጉትን፣ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ከረዳቶቹ ጋር የተነጋገረባቸውን የቴፕ ቅጂዎች ግልባጭ ለቀቀ። ትሪቢዩን በማግስቱ 246,000 ያህል ቃላት ያሉትን ግልባጭ ሙሉ በሙሉ በ44 ገጽ ልዩ እትም አወጣው፤ አላሳጠረውም፣ አልመረጠለትም። ፕሬዚዳንቱ ሥልጣን ይልቀቁ፣ አለዚያም ይከሰሱ የሚለው ርእሰ አንቀጽ የወጣው ሜይ 9 ነው። በሁለቱ መካከል ያሉት ስምንት ቀናት የሥራው ዋና ክፍል ናቸው። አንባቢው ጋዜጣው ካነበበው ነገር አንዲት ቃል ሳትጎድል ራሱ አነበበ፤ ፍርዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ተቃራኒ አቋም የነበረው ጋዜጣ ይህንኑ ቢጽፍ ማንም አይደነግጥም ነበር። ኒክሰን ኦገስት 9 ቀን ለቀቀ።

የእንግሊዙ ዘ ሰን ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። በ1997 ቶኒ ብሌርን ደግፎ ከሌበር ፓርቲ ጋር አሥራ ሁለት ዓመት ቆየ። ጎርደን ብራውን አሥር ዓመት የገንዘብ ሚኒስትር፣ ከዚያም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ሴፕቴምበር 29 ቀን 2009 በፓርቲው ጉባኤ ንግግር ባደረገበት ማታ ጋዜጣው ድጋፉን ማንሳቱን አስታወቀ፤ በማግስቱ የፊት ገጹን ሰጠው። የንግግሩ ወሬ ተዋጠ። ዱላ ለማሳረፍ ከሆነ ሰዓቱ ተመርጧል፤ ፍርድ ለመስጠት ከሆነ ግን ተበላሽቷል። ሌበር በዚያን ጊዜ በሕዝብ አስተያየት መለኪያዎች ወደ ኋላ ቀርቶ ስለነበር፣ ጋዜጣው ነፋሱን አይቶ ዞረ የሚለውን ሐሜት ለማጥፋት የሚበቃ መዝገብ በእጁ አልነበረም።

ሰዓት ስል ሌላም ልጨምር። ዋሽንግተን ፖስት ከእንግዲህ ለፕሬዚዳንትነት እጩ አልደግፍም ያለው ኦክቶበር 25 ቀን 2024፣ ድምፅ ሊሰጥ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። የአሜሪካው ሬዲዮ ኤንፒአር በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ250,000 በላይ ደንበኞች እንደተሰረዙ ዘገበ። አልደግፍም ማለት በራሱ ነውር የለበትም፤ በዓመቱ መጀመሪያ ቢነገር መርሕ ተብሎ ይታለፍ ነበር። በአሥራ አንድ ቀን ሲሆን ግን ማንም መርሕ አይለውም። በአንጻሩ የፍሎሪዳው ኦርላንዶ ሴንቲኔል በዲሴምበር 2020 ያደረገውን እወደዋለሁ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት የደገፈው የኮንግረስ አባል ማይክል ዋልትዝ የአራት ስቴቶችን የምርጫ ውጤት ለማስጣል ቴክሳስ ያቀረበችውን ክስ ሲደግፍ፣ ጋዜጣው ስለሰጠው ድጋፍ አንባቢዎቹን ይቅርታ ጠየቀ። ምክንያቱ አንድ ነበር፣ የተፈጸመበት ቀን የታወቀ ነበር፣ ሰነዱም በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ነበር። ዋልትዝ የቆየ ተመራጭ አልነበረም፤ ረጅም ዘመን ለተደገፈ ሰው ግን አንድ ድርጊት ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ ዓመታትን መመዘን ይጠይቃል።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ምሥራቅ ጎጃም የሚነበብ ሳምንታዊ የግል ጋዜጣ እናስብ፤ በሁለት ምርጫዎች የደገፈው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል አለ እንበል።

ሥራው የሚጀምረው ድጋፉ በተሰጠበት ቀን ነው። ድጋፍ ሲሰጥ መመዘኛዎቹ በርእሰ አንቀጹ ውስጥ ተዘርዝረው መታተም አለባቸው፤ ከአምስት ባይበልጡ ይመረጣል፣ ሁሉም ሊታዩና ሊቆጠሩ የሚችሉ ይሁኑ። «ለሕዝብ የቆመ» የሚል መመዘኛ ከወረቀት በቀር ምንም አይለካም። «በየዓመቱ በእረፍት ጊዜ በምርጫ ክልሉ ስብሰባ ይጠራል» የሚለው ግን ይለካል፦ ምክር ቤቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 መሠረት ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ይሠራል፣ በመካከል የአንድ ወር እረፍት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ሰውየው ሐምሌና ነሐሴ የት እንደነበሩ፣ ማን ማን እንደተጠራ፣ ምን እንደተጠየቁ ይታወቃል። ሲሰጥ በአንድ ቁና፣ ሲነሳ በሌላ ቁና የሰፈረ ጋዜጣ የትኛውም ፍርዱ አይታመንም።

መረጃው እዚህ አገር በቀላሉ አይገኝም። ምክር ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ የሚሰጠው እጅ በማውጣት ስለሆነ የሚነገረው ይህን ያህል ድጋፍ፣ ይህን ያህል ተቃውሞ፣ ይህን ያህል ድምፀ ተአቅቦ እየተባለ ነው፤ የማን እጅ የት እንደነበር አይነገርም። ይህን ከአምስት ዓመት በኋላ ተነሥቶ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። በየስብሰባው ማግስት ለራሳቸው ለተመራጩ ደውሎ «ትናንት በዚህ አዋጅ ላይ እንዴት ድምፅ ሰጡ?» ብሎ መጠየቅ፣ መልሱን ከነቀኑ መዝግቦ ማስቀመጥ ነው የሚያዋጣው። አልናገርም ካሉም «አልተናገሩም» ተብሎ ይመዘገባል። ቃለ ጉባኤ፣ ለሚኒስትሮች ያቀረቧቸው ጥያቄዎች፣ የፌዴራል ዋና ኦዲተር ዓመታዊ ሪፖርት በቀረበ ቀን የተናገሩት ወይም ዝም ያሉት፣ ሁሉም በአንድ ፋይል ይገባል።

ከሁሉ በላይ ጋዜጦችን የሚያሳስታቸው የሥልጣን ወሰን ነው። ማዳበሪያን እንውሰድ። ጎጃም ውስጥ ማዳበሪያ ከዘገየ በቆሎ ዘሪው በግንቦት መጨረሻ ያብዳል፣ ጤፍ ዘሪው በሐምሌ። ቁጣው በመጀመሪያ ያገኘው ባለሥልጣን ላይ ያርፋል፤ ጋዜጣውም «እንደራሴያችን ማዳበሪያ እንኳ ማስመጣት አቃታቸው» ብሎ ይጽፋል። ነገር ግን ግዢው በፌዴራል ደረጃ በኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን በኩል ይፈጸማል፤ ከጂቡቲ ተጓጉዞ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን መጋዘን ይገባል፤ ከዚያ መሠረታዊ ማኅበራት ለገበሬው ያድላሉ። የዘገየው ግዢው ከሆነ የምክር ቤት አባሉ ሚኒስትሩን መጠየቅ ነበረባቸው፤ ጠይቀዋል ወይስ አልጠየቁም? ዩኒየኑ መጋዘን ደርሶ እዚያ ከተኛ ጥያቄው የዞኑና የወረዳው ነው። ማኅበሩ ውስጥ በዘመድ ታድሎ ከሆነ ደግሞ አዲስ አበባ ያለ ሰው ስም አይነሳም። ኖራም እንደዚሁ ነው። የጎዛምን፣ የማቻከል፣ የአዊ አፈር አሲዳማ በመሆኑ ገበሬው ኖራ ይፈልጋል፤ እንደ አሲዱ መጠን ለአንድ ሄክታር በአሥር የሚቆጠር ኩንታል ስለሚጠይቅ ችግሩ ከዋጋው ይልቅ ማጓጓዣው ነው። ተመራጩ የኖራ መፍጫ ቃል ገብተው ከነበረ፣ ቃሉ የገባበት ቀንና ቦታ፣ በጀቱ በየትኛው መሥሪያ ቤት እንደተያዘ ወይም እንዳልተያዘ፣ በየዓመቱ ያነሡትና ያላነሡት ጥያቄ በቅደም ተከተል ይቀመጥ። ርእሰ አንቀጹ ውስጥ ይህ ሁሉ አንድ አንቀጽ ብቻ ይሆናል፤ ግን ያ አንቀጽ አይነቃነቅም።

ውሳኔው የዋና አዘጋጁ ብቻ መሆን የለበትም፣ የአሳታሚውም ብቻ አይሁን። አምስት ወይም ሰባት ሰው ያለው ቦርድ ይበቃል፤ ድምፁ በቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ለድጋፍ ተራ አብላጫ የሚበቃ ቢሆን እንኳ ለማንሳት ሁለት ሦስተኛ ቢጠየቅ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ማንሳት በቀላሉ አይመለስም። ፖለቲከኛውን በየቀኑ የሚዘግበው ዘጋቢ ቦርዱ ውስጥ አይቀመጥ፣ ጽሑፉንም ከመታተሙ በፊት አያይ። የእኛን አገር ቦርድ ልዩ የሚያደርገው ደግሞ የዝምድናው ጉዳይ ነው። የአክሲዮንና የገንዘብ ጥቅም መግለጽ አይበቃም፤ አበልጅነት፣ አብሮ ጽዋ የሚጠጣበት ማኅበር፣ የጋራ ዕቁብ፣ የጋብቻ ዝምድና ይነገር፤ ያለበት ሰው ከድምፁ ይውጣ። ይህ ሲነሳ ሁሉም ሰው ይስቃል፤ ከዚያ ከሰባቱ ሦስቱ ይወጣሉ። ስለዚህ ተጠባባቂ አባላት ቀድመው ይሰየሙ። በሐሳብ የተለየ አባል ካለ ልዩነቱን በስሙ በዚያው እትም ይጻፍ።

ከውሳኔው በፊት ለተመራጩ ጥያቄዎቹ በጽሑፍ ይላኩ፤ ለመልስ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ይሰጥ። ርእሰ አንቀጹ ራሱ አይላክ። ጥያቄው በተላከ በሦስተኛው ቀን ምን እንደሚሆን አገሩን የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፦ ሽማግሌ ይመጣል። ሁለት ሦስት የተከበሩ አባቶች፣ ምናልባትም አንድ ቄስ፣ «እባካችሁ በእኛ ይሁንባችሁ፣ ተውት» ይላሉ። ተነሥቶ መቀበል፣ ቡና ማፍላት፣ ማዳመጥ ተገቢ ነው። መልሱ ግን ሽምግልና ጠብ ላለበት ነው፣ እዚህ የተጣላ ሰው የለም፣ መልሳቸውን ይጻፉልን፣ ሙሉውን እናትመዋለን ነው። በዚህ ቀን የሚደረግ ማለሳለስ ሁሉን ያበላሻል፤ ከአራቱ ምክንያቶች ሁለቱ ይወጣሉ፣ የቀሩት ሁለቱ ደካማ ሆነው ይታተማሉ፣ በሳምንቱ ማን ምን እንዳስወጣ ከተማው ሁሉ ያውቃል።

ሕጉን በተመለከተ፣ በመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ስም ማጥፋት ከወንጀል ወጥቶ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ሆኗል። እስር አይኑር እንጂ ካሳ ጋዜጣ ለመዝጋት ይበቃል። ጠቃሚው ልማድ በረቂቁ ኅዳግ ላይ ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር የፋይል ቁጥር መጻፍ ነው። ቁጥር የሌለው ዓረፍተ ነገር ወይ አስተያየት መሆኑ ግልጽ ይደረግ፣ ወይ ይሰረዝ። በተለይ «እንደሚባለው» የሚለውን ቃል ያየ አራሚ ያለ ርኅራኄ ያውጣው።

ጽሑፉ ምን እንደሚጠይቅም ይለይ። በሚቀጥለው ምርጫ አንደግፍም ማለት፣ አሁኑኑ ይልቀቁ ማለት፣ መራጩ ይጥራቸው ማለት እና ተቀናቃኛቸውን እንደግፋለን ማለት አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መራጭ እምነት ያጣበትን ተወካይ ማንሳት እንደሚችል የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 እና 54 ይናገራሉ፤ ይህን የሚጠራ ጋዜጣ ግን ከራሱ ቅሬታ ሌላ የመራጩን ቅሬታ ማሳየት አለበት። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ይበቃል።

የጊዜውን ስሌት በ2013 (በእኛ አቆጣጠር) ምርጫ እንየው። ድምፅ የተሰጠው ሰኞ ሰኔ 14 ነው፤ ቅስቀሳ ከዚያ በፊት ባሉት አራት ቀናት ይቆማል። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚወጣ ጋዜጣ የሰኔ 12 እትሙ በጥሞናው ጊዜ ውስጥ ይወድቃል። ርእሰ አንቀጽ ቅስቀሳ አይደለም ብሎ መከራከር ይቻላል፣ ግን ለምን? የመጨረሻው ነጻ እትም የሰኔ 5 ነው፤ ተመራጩ መልስ የሚሰጡበት እትም ይኑር ከተባለ ግንቦት 28፣ ለመልሱ መልስና ለአንባቢ ደብዳቤ ቦታ ይኑር ከተባለ ግንቦት 21። ለቆየ ተመራጭ ግን ይህም ዘግይቷል። ፓርቲው እጩውን ሳያስመዘግብ፣ ሌላ ሰው ለማቅረብ ጊዜ እያለው መጻፍ ነው የሚረባው፤ ያ ደግሞ ከምርጫው ወራት በፊት ነው።

ማተሚያ ቤት የራሱ ጣጣ አለው። በ2004 ብርሃንና ሰላም ለአሳታሚዎች ያቀረበው ውል፣ ሕግ ይጥሳል ብሎ ያመነበትን ጽሑፍ አላትምም የማለት መብት ለማተሚያ ቤቱ የሚሰጥ ነበር። እንዲህ ያለ አንቀጽ ያለበትን ውል የፈረመ አሳታሚ ገጾቹን ከተለመደው ቀን አስቀድሞ ይላክ፤ በመጨረሻዋ ሰዓት የሚመለስ ገጽ ሙሉ እትም ያስቀራል። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል የዓባይ በረሃ አለ፤ በሰላሙም ቀን መኪና ያዘገያል፣ መንገድ በሚዘጋበት ሰሞን ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። ስለዚህ አብዛኛው አንባቢ ወረቀቱን ከማየቱ በፊት የፊት ገጹን ፎቶ በቴሌግራም ያየዋል። ርዕሱና የመጀመሪያው አንቀጽ ብቻቸውን ተቆርጠው ቢዞሩ ሙሉ ትርጉም እንዲሰጡ ሆነው ይጻፉ፦ ማንን፣ ከመቼ ጀምሮ ደግፈን ነበር፣ ከአሁን በኋላ አንደግፍም፣ ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

እዚህ ላይ ጎጃሜነታችን ይመጣል። በዋሸራና በጎንጅ፣ በዲማ ቅኔ ሲዘረፍ የኖረበት አገር አንባቢ ወርቁን ሳይፈልግ ሰሙን አያልፍም። «ለደከሙት እንደራሴያችን መልካም ዕረፍት እንመኛለን» ብሎ በጨዋ ደንብ የጻፈ አዘጋጅ ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋል፤ አንባቢው ግን አንዱ ሞት ነው፣ አንዱ እስር ነው፣ አንዱ ሹመት ነው እያለ ሦስት ትርጉም ያወጣለታል። ቅኔ በቦታው ያምራል። ይህ ግን «በሚቀጥለው ምርጫ አቶ እገሌን አንደግፍም» የሚባልበት ቦታ ነው። ከ600 እስከ 700 ቃል ይበቃል፤ ከአራት ምክንያት አይበልጥ። ተመራጩ የሠሩት መልካም ነገር አንድ አንቀጽ ይሰጠው፣ ሳይቀባባ።

ከዚያ የገንዘቡ ነገር አለ፤ ማንም አያነሳውም እንጂ ውሳኔውን የሚገድለው እሱ ነው። እንዲህ ያለ ጋዜጣ እንጀራው ብዙ ጊዜ የጨረታ ማስታወቂያ ነው፤ ከወረዳና ከዞን መሥሪያ ቤቶች ይመጣል። ርእሰ አንቀጹ በወጣ በሳምንቱ ማንም የስንብት ደብዳቤ አይጽፍም፤ ማስታወቂያው ዝም ብሎ ይቀራል። አሳታሚው ከመወሰኑ በፊት የባለፉትን አሥራ ሁለት ወራት ደረሰኝ አውጥቶ ስንቱ ከመንግሥት ቢሮ እንደመጣ ይደምር፤ ያ ገቢ ቢቀር ስንት እትም በቅድሚያ ክፍያ ማሳተም እንደሚችል ያስላ። መልሱ ሁለት እትም ከሆነ ገንዘብ እስኪያጠራቅም ይቆይ። ጽፎ በሦስተኛው ሳምንት የሚለሳለስ ጋዜጣ ፈጽሞ ካልጻፈው ይልቅ ይጎዳል።

ርእሰ አንቀጹ ከወጣ በኋላ ዜና ገጹ ላይ ምንም መቀየር የለበትም። ትናንት «አቶ እገሌ ተናገሩ» ይባሉ የነበሩ ሰው ዛሬ «እገሌ ተናገረ» ከተባሉ፣ ዘጋቢው የቦርዱን ውሳኔ ወደ ዜናው አሾልኮ አስገብቷል ማለት ነው፤ አራሚው አንቱታውን ይጠብቅ፣ የፎቶውንም ምርጫ ይመልከት። የተመራጩ መልስ ሳይቆረጥ፣ ርእሰ አንቀጹ በነበረበት ገጽና በተመሳሳይ የፊደል መጠን ይውጣ፤ ጋዜጣው በሥሩ የራሱን መልስ አይቀጥል፣ ካለው በሚቀጥለው ሳምንት ይበል። ደብዳቤ ከመጣ የሚሳደበውን ትቶ የሚከራከረውን መርጦ ማተም ነው፤ ከደጋፊዎቻቸው የመጣው ቢበዛ ይብዛ።

ሰውየው ካሸነፉም ያሸነፉበት ዜና ልክ እንደ ሌላው ተመራጭ ዜና ይጻፋል፤ ፋይሉ አይዘጋም። አዲሱ ምክር ቤት ሥራ ሲጀምር ያው ዘጋቢ ያንኑ ስልክ ደውሎ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃል፦ በዚህ አዋጅ ላይ እንዴት ድምፅ ሰጡ?